መርሳ ላይ አልቆምንም

መርሳ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም ሳይነግረው በሽታውን ያውቀዋል፤ ወባ ነው። ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ መድኃኒት ቤት ገብቶ ለሁለቱም ይሆናል የተባለውን ይወስዳል። ባለቤቴ ከጥምቀት በኋላ ማታ ማታ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቆላ ነን፤ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ መስኖ ጓሯችን ድረስ ይመጣል፣ ትንኙም አብሮ ይመጣል። ማንም አልደነገጠም። ኪኒኑን ዋጠች፣ መርፌውን ተወጋች፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጀመራት።

እኔ መካኒክ ነኝ። የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ባጃጅ፣ አንዳንዴም አይሱዙ እጠግናለሁ። ጋራዥ እያልኩ የምኮራበት ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ከጥላው በአንዱ በኩል እኔ ግሪስ ተለቅልቄ እሠራለሁ፣ በሌላው በኩል እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ነጭ ጨርቅ በያዘች ቁጥር "ጠጋ እንዳትል!" ብላ ትጮህብኝ ነበር። እኔ ሆን ብዬ እጠጋለሁ። ሞተር ገና ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ ብዬ በአገሩ ሁሉ እመካለሁ፤ የሷን ደረት ግን ስንት ዓመት ጆሮዬን ለጥፌበት ስተኛ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ለሦስተኛ ጊዜ ትኩሳቱ ሲመለስባት ልብሷ ሰፍቷት ነበር። ጥፍሮቿ ሥር እንደ እሾህ ስንጥር ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ታዩ። የስፌት መርፌ የወጋት መስሎኝ "አሁንስ ዓይንሽም ደከመ" ብዬ ቀለድኩባት። ልጃችንን ለጎረቤታችን አደራ ሰጥተን ወደ ወልድያ ወጣን። ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ናት። ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ናት፤ ልጅቷ "እትዬ" ትላታለች፤ ከኛ ቤት ይልቅ እሷ ቤት ውላ ያደገች ናት ማለት ይቻላል።

ወልድያ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አለ። ነጋዴ ነው፣ ሰው ያከብረዋል፣ ሲናገር ሰው ያዳምጣል፤ እኔንም ጭምር ያስፈራኛል። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ነች። ማዳመጫዋን ባለቤቴ ደረት ላይ አድርጋ ቆየች፤ ግራ ጎኗ ላይ አስተኝታ ደግማ አዳመጠች፤ ከዚያ ስለ ልጅነቷ ትጠይቅ ጀመር። ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር? ጉልበትሽ፣ ክርንሽ አብጦብሽ ያውቃል? ባለቤቴ አላስታወሰችም፣ ወንድሟ መለሰላት።

"በልጅነቷ ጉሮሮዋ ሲያስቸግራት እንጥሏን አስቆርጠናት ነበር፤ ተሻላት። መገጣጠሚያዋንም አንድ ክረምት ይዟት መራመድ አቅቷት ነበር። እሱም ለቀቃት።"

"በቅርብ ጥርስ ተነቅለሻል?" አለች ዶክተሯ።

ተነቅላለች። ለገና ሰሞን መንጋጋዋን ተነቅላ፣ ጉንጯ እንዳበጠ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትዝ አለኝ። ዶክተሯ "ከዚያ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል" ብላ ወደ ልብ አልትራሳውንድ ክፍል ወሰደቻት። እኔን መርፌና ግሉኮስ ከውጭ ግዛ ብላ ላከችኝ። ወንድሟ ስልክ ሊያናግር ወጣ።

ስመለስ አልቆ ነበር። ባለቤቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ደረቷን ትጠርጋለች። "ቅባቱ እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለህ እቴ" አለችኝ እየሳቀች። ዶክተሯ እኔንና ወንድሟን ብቻ ጠርታ የቀረጸችውን ምስል አሳየችን።

ልብ እንደዚያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ጥቁርና ግራጫ ነው፣ ጭጋግ ይመስላል፤ ከመሐሉ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቫልቭ ናቸው። ዶክተሯ ቫልቭ ስትል ፈገግ አልኩ፤ ስንቱን ቫልቭ በእጄ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ሞርጄ መልሼ ገጥሜያለሁ። ከዚያ ጣቷን አንዱ ጫፍ ላይ አሳረፈች። እዚያ የተንጠለጠለ ነገር አለ። ቫልቩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይወዛወዛል። "ይህ ጀርም ነው" አለች፤ "በልጅነቷ የተጎዳው ቫልቭ ላይ ተጣብቆ አድጓል። ከደሟ ወስደን ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል እንሞክራለን፤ ግን የወሰደችው መርፌ ደብቆት ላይበቅል ይችላል። ይህ ማሽን ባይኖር ኖሮ እስካሁን ወባ ነው እያልን ነበር።" ቀጥላ የደሙን ፍሰት በቀለም የሚያሳየውን ምስል አሳየችን። ደሙ ወደፊት ብቻ መሄድ ሲገባው ወደ ኋላም ይመለሳል።

"ሳምንታት በደም ሥር መድኃኒት ትወስዳለች፤ እዚሁ ትተኛለች። በየጊዜው በዚህ ማሽን እያየን እንከታተላለን። ከቀነሰ ጥሩ። ካልቀነሰ፣ ወይም ቫልቩን ከቀደደው፣ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የምፈራው..." ብላ ቆም አለች፤ "የምፈራው ቁራጩ ተበጥሶ በደም ወደ ጭንቅላቷ እንዳይሄድ ነው። ከሄደ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል።"

እኔ ዓይኔን ከምስሉ ላይ አልነቀልኩም። ወንድሟ ግን ሰከንድ አልፈጀበትም።

"ዶክተር፣ ይሄን ለሷ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ልቧ በድንጋጤ ይቆማል። ትንሽ ኢንፌክሽን ነው በያት።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ታማሚው ስለራሱ በሽታ የመጨረሻው ሰሚ ነው። ሞት እንኳ ሲሆን ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አሰባስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው መርዶው የሚነገረው፤ በሽታማ ጭራሽ አይነገርም። ሲሸሸግ ነው መውደድ የሚመስለን። እኔም አልተቃወምኩም። ዶክተሯ ወደኔም ወደሱም አየች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። "እሺ" አለች። ያን ዝምታዋን የሥራ ብዛት ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ከዚያ የመዋሸት ኑሮ ጀመርን። ወንድሟ ተፈጥሮው ሆነና አልከበደውም፤ ነጋዴ አይደል። እኔ ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል፤ ስለዚህ ቀልድ ሥራዬ ሆነ። ከመርሳ በጠዋት ተነስቼ ወልድያ እደርሳለሁ፣ ከዎርዱ በር ላይ እንባዬን ውጬ፣ ሳል ብዬ፣ ጥርሴን ገልጬ እገባለሁ። በየሰዓቱ የሚሰጣትን መድኃኒት "የሞተር ዘይት" አልኩት። ከጥበቃው ጋር ተጣልቼ ካልሆነ አልገባም ነበርና፣ ገና ከኮሪደሩ ድምፄን ስትሰማ "መጣ የኔ ጉድ" ትላለች አሉ። አጠገቧ የተኙት ሴቶች እኔን ለመስማት ይነቃሉ። አንዳንዴ ሳቋ መሐል ላይ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ ትቀር ነበር። "ምን ታፈጥጫለሽ?" እላታለሁ። "አርጅተሃል" ትለኛለች።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ትኩሳቱ ጠፋ። ሽሮ በላች፣ ጉንጯ ቀላ። ያን ሰሞን ወደ ሰማይ የምበር እየመሰለኝ በደስታ ነበር የምመላለሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችንን ይዣት እሄዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ማበጠሪያ አምጡ ብላ፣ ልጅቷን በእግሮቿ መሐል አስቀምጣ፣ "ና፣ ሹሩባ ላስተምርህ" አለችኝ።

"እኔን? በዚህ እጅ?"

"ታጠበው። ብሎን የሚፈታ ጣት ፀጉር መያዝ ያቅተዋል?"

ሦስት ሦስት አድርጎ መክፈል፣ ከሥር እያነሱ መጎንጎን፣ አለማጥበቅ። ልጅቷ "አባ፣ ኧረ ተውኝ!" እያለች ትጮኻለች፣ አጎራባች አልጋ ያሉት ይስቃሉ፣ እኔ ተናድጄ ማበጠሪያውን እወረውራለሁ። እሷ አንስታ ትሰጠኛለች። "እንደገና" ትለኛለች። አሰልቺ ሆስፒታል ስለሆነ ጊዜ ለማሳለፍ ነው ብዬ ነበር። ልጅቷን ይዤ ወደ መርሳ ስመለስ፣ ያልተስተካከለውን ጉንጉን ያየችው ጎረቤታችን "ውይ አላህ! ማነው እንዲህ የፈጃት?" ብላ ፈታችው። ነገሩን ደውዬ ነግሬያት ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ሳቋ ቆመና "እትዬ አትሥራላት፤ አንተ ሥራላት" አለችኝ።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ሲታይ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ወንድሟ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ኖሮ ዶክተሯ ማሳያውን ወደኛ፣ ከባለቤቴ ዓይን አርቃ አዞረችው። እሷ ግራ ጎኗ ላይ ተኝታ ፊቷን ከኛ አዙራ ወደ ዶክተሯ አድርጋለች። "ደህና ነው?" አለች። "ደህና ነው" አልናት በአንድ አፍ። ደህና አልነበረም። ትኩሳቱ ይጥፋ እንጂ የተንጠለጠለው ነገር አልቀነሰም፤ የሚመለሰው ደም ጨምሯል። ከደሟ የተወሰደውም እንደተፈራው ምንም አላበቀለም፤ ዶክተሯ መድኃኒት ቀየረች።

በፋሲካ ማግስት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እግሯ አበጠ፤ ጋደም ማለት ስለማትችል በትራስ ተደግፋ ታድራለች። እንደገና ታየች። ቫልቩ ተቀዷል፤ የደሙ ቀለም የልቧን የላይኛ ክፍል ሙሉውን ሞልቶታል። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ አስቁማን "ከዚህ በኋላ መድኃኒት ብቻውን አያድናትም" አለችን። አዲስ አበባ ደዋወለች። አልጋ የለም ተባለ፤ ቆይቶ አለ ተባለ፤ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ተከፈተ ተባለ። እኔ በዚህ መሐል ያልተጣላሁት ሰው የለም። ሞተር ቢሆን አቁሜ፣ ፈትቼ፣ አዲስ ቫልቭ ገጥሜ አስነሳዋለሁ። የሷ ግን አይቆምም፤ እየሠራ ነው የሚቀደደው። እጄ ባዶውን አየር ይጨብጥ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አምቡላንስ ተዘጋጀ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ "ለተሻለ ምርመራ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ ትመለሻለሽ" አላት። "እሺ ጋሼ" አለችው። ከልጅነቷ ጀምራ የማትቃወመው ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔና ነርሷ ከኋላ ከሷ ጋር ሆንን። ኦክስጅን ተደርጎላት፣ ከፍ ብላ ተደግፋ እጄን ይዛ ነበር። ሲሪንቃን አለፍን። ሙቀቱ ሲጨምር መርሳ እንደደረስን አወቅሁ።

ከተማው ውስጥ ባጃጁና ጋሪው ስለበዛ ሾፌሩ ሳይረኑን ለቀቀው። ትምህርት ቤት የተለቀቀበት ሰዓት ነው፤ እሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በመንገዱ ዳርና ዳር ይሄዳሉ። ቤታችን ሊደርስ ነው። ከፊት ያለውን መስታወት በመዳፌ መታሁት።

"አቁም! እዚህች ጋ አንዴ አቁም!"

መኪናው ቀዝቀዝ አለ። እሷ ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ገለል አደረገች።

"ምነው? ምን ረሳህ?"

"ልጅቷን እንያት። አንድ ደቂቃ ብቻ።"

"ለምን?"

ዓይኔን እያየችኝ ነው ለምን ያለችኝ። ምን ልበላት? ምናልባት አታያትም ይሆናል ብዬ ልንገራት?

"ሁለት ሦስት ቀን አይደል?" አለችኝ። "እመለስ የለም እንዴ?"

ወንድሟ ዞረ። "እውነቷን ነው። ሕፃኗን ምን በወጣት ታስደነግጣታለህ? ስትመለስ ታያት የለም?"

ሾፌሩ በመስታወት እኔን ያየኛል፣ ከኔ ቃል ይጠብቃል። ቁም ካልኩ እንደምትሞት ነገርኳት ማለት ነው። ሳምንታት ሙሉ የገነባነው ውሸት እንደ ግድግዳ በኔና በቆርቆሮ ጥላችን መሐል ቆመ።

"ቀጥል" አልኩ።

እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። "ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ" አለች። ጋራዡን፣ የተሸፈነውን የስፌት መኪናዋን፣ በራችንን እኔ ብቻ አየሁት። እሷ አላየችም።

ውርጌሳ ስንደርስ "ቀኝ እጄን ደነዘዘኝ" አለች። ያች የመጨረሻዋ ቃሏ ነች። ከዚያ አፏ በአንድ በኩል ወደቀ፤ ዓይኗ እያየኝ ድምፅ አልወጣ አላት። ነርሷ ምን እንደሆነ ገባት፣ እኔም ገባኝ። ያ የሚወዛወዘው ነገር ተበጥሶ ነበር። ደሴ ያሉ ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ሬሳዋን ይዘን ስንመለስ መርሳ ላይ ቆምን።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወልድያ ሄድኩ። ልጣላ ነው የሄድኩት። ደሜ ፈልቷል፤ ለምን ቶሎ አልላክሻትም ብዬ በዶክተሯ ላይ ልጮኽባት መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። ቢሮዋ ገብቼ ጮህኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለችኝ፤ ተቀመጥኩ።

"ታውቅ ነበር" አለችኝ።

"ማን?"

"ባለቤትዎ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እርስዎ መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ ማሳያው ፊቷ ነበር። 'ያ እንደ ክር ጫፍ የሚንቀጠቀጠው ምንድነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ልቧ ነው፣ ጥያቄው የሷ ነው፤ ነገርኳት። ወደ ጭንቅላት ሊሄድ እንደሚችልም ነገርኳት። ከዚያ 'ለባሌ እንዳትነግሪው' አለችኝ። 'እሱ ንዴተኛ ነው፤ ካወቀ ሥራ አይሠራም፣ አይበላም፣ ከሰው ሁሉ ይጣላል። ወንድሜም ደም ግፊት አለበት። እኔ አላውቅም በያቸው።' እሺ አልኳት። ከዚያ እናንተ ገብታችሁ ለሷ አትንገሪያት አላችሁኝ። ምን ላድርግ? የሁለታችሁንም ተቀበልኩ።"

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

"በሁለተኛው ጊዜ ማሳያውን ሳዞርባት ጠቀሰችኝ" አለችኝ። "እናንተ ምስሉን ስታዩ።"

ከሆስፒታሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው ያለቀስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ከበር ውጭ እንባዬን እየጠረግኩ የምገባው ለሷ ነበር፤ እሷም ድምፄን ከኮሪደሩ ስትሰማ የሷን ትጠርግ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ተቃቅፈን አላለቀስንም። ፈራሁ ብላኝ፣ አይዞሽ ብያት አናውቅም። ስለ ልጃችን አልተማከርንም፤ ሹሩባ ብቻ አስተማረችኝ። "እመለስ የለም እንዴ?" ያለችኝን እስከ ዛሬ አገላብጠዋለሁ። ልጇን ብታይ አንጀቷ እንዳይቆረጥ ነው? ልጅቷ እንዳታያት ነው? ወይስ አንዴ እንኳ እውነቱን ከአፌ ልትሰማ፣ እስቲ ንገረኝ እያለችኝ ነበር? ብናደድባትም፣ ብለምናትም መልስ የምትሰጠኝ የለችም።

በባስ ወደ መርሳ ስመለስ አንድ ነገር ወሰንኩ። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ለሰው ሲባል የሚሸሸግ ነገር አይኖርም። እስከ ማታ አልቆየሁም፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጥላው ሥር አስቀመጥኳት። እናቷ ወልድያ ስትታከም ቆይታ ደሴ ሄዳ እንዳረፈች ብቻ ነበር የነገርናት፤ በዚህ በኩል ማለፏን ማንም አልነገራትም።

"ያን ቀን እማማን የያዘው አምቡላንስ በዚህ ነው ያለፈው" አልኳት። "እኔም ውስጥ ነበርኩ። በራችን ላይ ደርሰን አልቆምንም።"

ልጄ አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

"የሚጮኸው ነጭ መኪና? ቀዝቀዝ ብሎ ከዚያ የሄደው?"

"አዎ።"

"አይቼዋለሁ። ከእትዬ ጋር እዚያ ማዶ ቆመን ነበር። እትዬ 'ያ አላህ፣ አፊያ አድርጋቸው' አለች። እኔም 'አሚን' አልኩ።"

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያ ሽንኩርት ገዝተን ገባን።"